የሊስትሮው ሳጥን ቃላት

ክረምቱ ሊገባ ሲል የግራ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ታክሲ ሰልፍ ላይ በተራመድኩ ቁጥር «ጧ፣ ጧ» እያለ ሰው ሲያስዞርብኝ አፈርኩና መንገድ ዳር ካገኘሁት ሊስትሮ ዘንድ ተቀመጥኩ። ልጁ ጫማውን አገላብጦ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። «ሶሉ ጎማ ነው ጋሼ፤ ማስቲሽ ይይዘዋል። ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ያስቸግረን ነበር» አለኝ። ሁለቱን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ከቆርቆሮው ማስቲሽ ጨልፎ በቁራጭ ጎማ ስስ አድርጎ ቀባ፤ ከዚያ ጫማዬን ለብቻው አስቀመጠና የሌላ ሰው ጫማ መቦረሽ ጀመረ።

«አታጣብቀውም እንዴ?»

«ይድረቅ እንጂ ጋሼ! በእርጥቡ ከተጫኑት ይንሸራተታል።»

ጥቂት ቆይቶ በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገው። አልያዘውም። ያኔ ሁለቱን ገጽ አንዴ ብቻ አገጣጥሞ በመዶሻ ደበደበው። «ለማንኛውም» ብሎም ጫፉን በወስፌና በናይለን ክር ሰፋልኝ። ሒሳቡን ስከፍለው መልሱን የሰጠኝ በላስቲክ ከታሰረ የብር ጥቅል መዝዞ ነው።

እዚያች በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ አምስት ቃል ቆጠርኩ፦ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ፕላስቲክ፣ ናይለን፣ ላስቲክ። ኬሚስት ቢሆን አምስቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ፖሊመር ይላል። እኔ ግን የልጁ ቃላት ይበልጡብኛል። አብዛኞቹ ከእጅ የተወለዱ ናቸው፤ የሚጣበቀውን፣ የሚለጠጠውን፣ የሚቀረጸውን ሰው በመዳፉ አውቆ ነው ስም ያወጣለት። ሳይንሱ የራሱን ቃል ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ሲያገኘውም መጀመሪያ ለሌላ ነገር ነበር የሰጠው።

ነገሩ ራሱ ለመረዳት አይከብድም። የውሃ ሞለኪውል ሦስት አቶም ነው፤ የስኳር ሞለኪውል 45። አንድ የጎማ ሞለኪውል ግን ከመቶ ሺህ በላይ አቶም ሊይዝ ይችላል። ብዛቱ ያስፈራ እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ትንሽ ቁራጭ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተደጋገመ በሺህ ይሰካል። ጠባያቸው ሁሉ ከዚህ ርዝመት ይመጣል። ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ በቀላሉ አይበጠሱም። ከባድ ስለሆኑ አይተኑም፤ ስላልተነኑም አይሸቱም። የማስቲሹ ሽታ የማሟሟቻው እንጂ የጎማው አይደለም፤ ልጁ «ይድረቅ» ያለው ያ ፈሳሽ በንኖ እስኪያልቅ ነው። የጎዳና ልጆች እየሳቡ የሚጎዱበትም እሱ ነው፤ ትልቁ ሞለኪውል ከቆርቆሮው አይነሳም።

ከጎማ እንጀምር፤ ረጅም መንገድ የሄደው እሱ ነውና።

ጎማን ከጣሊያን እንደወሰድነው ማንም ይገምታል። ጎማ የሚጠግነውን «ጎሚስታ» ማለታችንም ከዚያው ነው። አሮጌ ጎማ ደርድሮ፣ ከቀዩ በርሜል ላይ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» የጻፈውን ጥገና ቤት ለሮም ሰው ቢያነቡለት አስተርጓሚ አይፈልግም። ጣሊያንኛው ከላቲኑ «ጉሚ» መጣ፤ ላቲኑ ከግሪኩ «ኮሚ»። ግሪኮቹ ደግሞ ከግብጾች ነው የተዋሱት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብጽን ዞሮ ያየው ሄሮዶቱስ ቃሉን ሁለት ቦታ ላይ ያነሳዋል። አንደኛው ስለ አስከሬን አገናነዝ ሲጽፍ ነው፦ በድኑ የሚጠቀለልበት የተልባ እግር ጨርቅ «ኮሚ» ይቀባል፤ ግብጾች በማጣበቂያ ፋንታ የሚጠቀሙት እሱን ነው ይላል። ሁለተኛው ስለ አባይ ጀልባዎች ሲያወራ ነው፦ ጀልባው የሚሠራበት እሾኻም ዛፍ እንባው «ኮሚ» ነው ይላል።

ያ እሾኻም ዛፍ ግራር ነው። እንባው ደግሞ ሙጫ።

እንግዲህ ቃሉ ሲነሳ ጎማ ማለት የግራር ሙጫ ማለት ነበር፤ ከብት ጠባቂ ልጅ ከግንዱ ላይ ነቅሎ አፉ ውስጥ የሚያገላብጣት ያቺው ቢጫ ጠብታ። ከአባይ ዳር ሙጫ ሆኖ ወጣ፣ ባሕር ተሻግሮ አቴናንና ሮምን ዞረ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ አራት እግር ላይ እየተንከባለለ ወደ አባይ ምንጭ አገር ገባ። እኛም ዘመዳችን መሆኑን ሳናውቅ በእንግድነት ተቀበልነው። ሙጫና ጎማ በአማርኛ የሚተዋወቁ አይመስሉም፤ በትውልድ ግን አንድ ዛፍ ላይ ነበሩ።

ሙጫው እንዴት ጎማ ሆነ? ፈረንሳዊው ላ ኮንዳሚን እ.ኤ.አ. በ1736 ከደቡብ አሜሪካ ወደ ፓሪስ ጥቁር፣ የሚለጠጥ ነገር ላከ፤ የአገሬው ሰው ዛፍ አቁስሎ የሚያወጣው ወተት ደርቆ ነው። አውሮፓውያን ከዛፍ የሚፈስና የሚደርቅ ነገር ከድሮም ስም ስለነበራቸው «የሚለጠጥ ሙጫ» አሉት። ውሎ አድሮ በጣሊያንኛ «የሚለጠጥ» የሚለው ወደቀና «ጎማ» ብቻውን ቀረ። ኬሚስት በዚህ ሊስቅ ይችል ነበር። የግራር ሙጫ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ጎማ አይሟሟም፤ አንዱ ከስኳር ቁራጮች የተሰካ ነው፣ ሌላው አይሶፕሪን ከሚባል ቁራጭ። ግን ሁለቱም ከዛፍ የሚፈሱ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው፤ ሁለቱም ፖሊመር ናቸው። በእጁ ነካክቶ በአንድ ስም የጠራቸው ሰው አልተሳሳተም።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሄዱ። ኦክስጅንን ካገኙት አንዱ የሆነው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1770 የእርሳስ ጽሑፍ ለማጥፋት ግሩም የሆነ ነገር ገበያ ላይ እንዳየ ጻፈ። ያን ጊዜ ሰዓሊዎች የሚያጠፉት በዳቦ ፍርፋሪ ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛው ጎማን «ማሻሻ» ብሎ ጠራው፤ ራበር ማለት ይኸው ነው። የእኛ አገር ተማሪ ደግሞ ማጥፊያውን «ላጲስ» ይለዋል፤ በጣሊያንኛ ላጲስ እርሳስ ነው፣ በላቲን ድንጋይ። እርሳሱና ማጥፊያው አንድ ደብተር ላይ ሲውሉ ስም ተቀያየሩ መሰለኝ። እንግሊዙ ጎማውን በማጥፊያነቱ ሲሰይመው እኛ ማጥፊያውን ድንጋይ ብለን አረፍነው።

ጥሬ ጎማ ለጫማም ለመንኰራኩርም አይሆንም ነበር። በሙቀት ይቀልጣል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በዕዳ እየታሰረ ጭምር ዓመታት ሲታገለው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ድኝ የተቀላቀለበት ጎማ የጋለ ምድጃ ላይ ወድቆበት እንደ ቆዳ ጠንክሮ አገኘው ይባላል። ስሙን የሰጡት ግን ከእንግሊዙ ተፎካካሪው ከቶማስ ሃንኮክ ወገን ናቸው፤ ከሮማውያን የእሳት ጌታ ከቩልካን ወስደው «ቩልካናይዜሽን» አሉት። ድኙ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ክሮችን እዚህም እዚያም ያስተሳስራቸዋል። ከዚያ በኋላ ክሮቹ ተነጣጥለው መፍሰስ አይችሉም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለው በረባሶ ሠሪ ይህን ያውቃል፤ ያረጀ ጎማ ጫማ የሚሆነው በቢላ ተቆርጦ ነው፣ አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ የሚባል ነገር የለም። የተሰበረ ጀሪካን ግን ይቀልጣል፣ ተመልሶም ሌላ ዕቃ ይሆናል። ሁለቱም ረጅም ሰንሰለት ናቸው፤ ልዩነታቸው መተሳሰራቸውና አለመተሳሰራቸው ነው።

ማስቲሽ ከጎማ ይልቅ ጣፋጭ ታሪክ አለው። ኪዮስ የምትባል የግሪክ ደሴት ላይ አንድ ቁጥቋጦ ሲቆስል የሚያነባው ሙጫ አለ፤ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እያኘኩት አፋቸውን ያጸዱበታል። ስሙ «ማስቲኬ» ነው፤ ጥርስ ማፋጨትና ማኘክ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳል። ጣሊያኖች ያንን ሙጫ «ማስቲቼ» ብለው ለማንኛውም ማጣበቂያ ሰጡት፤ እኛ ጋ ሲደርስ ማስቲሽ ሆነ። ከዚያው ሥር ሌላው ቅርንጫፍ በሱቅ በር መጣ፤ ማስቲካ። ወንድማማቾቹ እንዲህ ሥራ ተካፈሉ፦ አንዱ ለጥርስ፣ አንዱ ለሶል። የዛሬ ማስቲካ ደግሞ ከዛፍ ሳይሆን ከፋብሪካ ጎማ ነው የሚሠራው። ማስቲካ ረግጦ ጫማው አስፋልት ላይ የቀረበት ሰው የቃሉን ታሪክ በእግሩ አንብቦታል።

ሦስተኛ ማጣበቂያ አናጢ ቤት አለ፤ ኮላ። እሱም በጣሊያን በኩል ከግሪክ የመጣ ነው፤ ከምንጠጣው ኮላ ጋር ግን አይተዋወቁም፣ ያኛው የምዕራብ አፍሪካ ፍሬ ስም ነው። ይህቺ የአናጢ ቃል በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ጣጣ አምጥታለች። እ.ኤ.አ. በ1861 ቶማስ ግሬም የሚባል የስኮትላንድ ሰው ውሃ ውስጥ ገብተው በስስ ሽፋን ማለፍ የማይችሉትን ነገሮች «ኮሎይድ» አላቸው፤ ትርጉሙ «ኮላ መሰል» ነው። ጎማ፣ ስታርች፣ የእንቁላል ነጭ ሁሉ እዚህ ስም ውስጥ ተከተቱ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሊቅ እነዚህ ነገሮች ትናንሽ ሞለኪውሎች ተጣብቀው ያበጡ ክምሮች ናቸው ብሎ አመነ። ማን ይፈርድበታል? ስሙ ራሱ «ኮላ መሰል» ይላል።

ይህን የተቃወመው ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጎማ የተጣበቀ ክምር ሳይሆን አንድ ወጥ፣ እጅግ ረጅም ሞለኪውል ነው ብሎ ጻፈ። ማስረጃም ፈለገለት፤ ክምሩን አጣብቆ ይዞታል የተባለውን ቦታ ሁሉ በሃይድሮጅን ዘጋው። ክምር ቢሆን መበተን ነበረበት፤ አልተበተነም። የኬሚስትሪ ዓለም ግን ሳቀበት። ስመ ጥሩው ሃይንሪክ ቪላንት እንደ ወዳጅ መክሮታል ይባላል፦ ከ5,000 በላይ የሚመዝን ኦርጋኒክ ሞለኪውል የለም፣ ጎማህን በደንብ አጥራው፣ ያኔ ትንሽ መሆኑን ታያለህ። ሌላው ደግሞ ነገሩ አፍሪካ ውስጥ ቁመቱ እንደ ተራራ የሆነ ዝሆን ታየ እንደ ማለት ነው ብሎ ተሳለቀ ይባላል። የአፍሪካ ዝሆን ባልዋለበት ለምን ምሳሌ እንደሚሆን አይገባኝም፤ ሽታውዲንገር ግን ዝሆኑን አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ1922 ስምም አወጣለት፤ «ማክሮሞለኪውል»። ሞለኪውል በላቲን «ትንሿ ክምር» ማለት ነው፤ ማክሮ በግሪክ «ትልቅ»፣ «ረጅም»። እንግዲህ «ትልቋ ትንሿ ክምር» መሆኗ ነው! የኖቤል ሽልማቱን ሲያገኝ እ.ኤ.አ. 1953 ሆኖ፣ ዕድሜውም 72 ደርሶ ነበር።

«ፖሊመር» ግን ከእሱ በፊት ወደ መቶ ዓመት ገደማ የኖረ ቃል ነው። ያወጣው ስዊድናዊው ያኮብ ቤርዜሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1833 ነው፤ ያሰበው ግን ሰንሰለት አልነበረም። የዚያን ዘመን ኬሚስቶች ያስጨነቃቸው አንድ እንቆቅልሽ ነበር፦ ሁለት ጋዞች ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በአንድ ዓይነት ምጣኔ ተሠርተው፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ ይመዝናል። ፋራዳይ እንዲህ ያለ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1825 አግኝቶ ነበር፤ ጥንዱ ኢትሊን ነው። ቤርዜሊዩስ ለእንዲህ ያለው ዝምድና ሁለት የግሪክ ቃላት ገጠመለት፤ «ፖሊ» ብዙ፣ «ሜሮስ» ክፍል። ምጣኔው ያው ሆኖ ክፍሉ የበዛ ማለቱ ነው፤ ሁለት እጥፍ፣ አራት እጥፍ፣ ከዚያ ያለፈ አላሰበም። ልክ ለግልገል የተሰፋ ኮርቻ በኋላ ዝሆን ላይ እንደ መጣል ነው።

በነገራችን ላይ ይህ «ፖሊ» ባሕር ዳር ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ግቢያቸው «ፔዳ ነህ ፖሊ?» ሲባባሉ የሚሰማው ነው፤ ፖሊቴክኒክ፣ ባለ ብዙ ሙያ። ፖሊስና ፖለቲካ ግን ከሌላ ቤት ናቸው፤ እነሱ «ፖሊስ» ከሚለው የግሪክ «ከተማ» ይወለዳሉ።

ቤርዜሊዩስን ሳልለቅ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1838 ሙልደር ለሚባል ሆላንዳዊ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የእንቁላልና የደም ዋና ንጥረ ነገር «ፕሮቲን» ቢባል ብሎ ሐሳብ ሰጠው፤ በግሪክ «ቀዳሚ»፣ «አንደኛ» ከሚለው ቃል። ፖሊመርንም ፕሮቲንንም የሰየመ አንድ ሰው ነው፤ ፕሮቲን ራሱ ፖሊመር መሆኑን ግን ሳያውቅ ሞተ። የሁለት ልጆችን ስም አውጥቶ ወንድማማች መሆናቸውን ያልሰማ ክርስትና አባት በሉት።

አሁን ወደ ብሩ ጥቅል እንመለስ። ላስቲክ ከአፉ አንድ ድምፅ ጥሎ የመጣ ቃል ነው፤ «ኤላስቲክ» ነበር። የፈጠረው የጎማ ሰው አይደለም፤ ዣን ፔኬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1651 የአየርን መንጠራራት ሊገልጽበት፣ «መግፋት» ከሚል የግሪክ ግስ ነው ያወጣው። እኛ ጋ ሲደርስ አንድ ድምፅ ጥሎ ሥራ ጨመረ። ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ነው፤ ጸጉር የሚያዝበት ላስቲክ ነው፤ ጭቃ ላይ የሚነጠፈው፣ ዝናብ ሲመጣ ጀርባ ላይ የሚጣለው፣ ቤት ያጣ ሰው በአራት እንጨት ወጥሮ የሚያድርበትም ላስቲክ ነው። የኋለኞቹ ሲስቧቸው አይመለሱም፤ ተንጋድደው ይቀራሉ። በኬሚስት ዓይን ስሙ አይገባቸውም፤ የላስቲክ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ግን ይህን ስም ሊቀማ የሚመጣ ኬሚስት የሚሰማው አይመስለኝም።

እውነተኛውን ላስቲክ ግን በቅርብ ማየት ደስ ይላል። የብሩን ላስቲክ ፈትታችሁ በፍጥነት ለጥጡትና ወዲያው ከንፈራችሁ ላይ አድርጉት፤ ሞቅ ይላል። እንደተለጠጠ ጥቂት ይዛችሁት ድንገት ስትለቁት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1805 ያሳወቀው ጆን ጎፍ የሚባል እንግሊዛዊ ዓይነ ስውር ነው። የብረት ሞላ ሲለጠጥ አቶሞቹ ከቦታቸው ተገፍተው ነው ወደኋላ የሚስቡት። የጎማ ክር ሌላ ነው፤ በተፈጥሮው እንደ ተዝረከረከ ልቃቂት የተጠቀለለ ነው፣ ስትለጥጡት በግድ ይሰለፋል። ተሰልፎ መቆም አይሆንለትም፤ ሙቀት ባናወጠው ቁጥር ወደ መዝረክረኩ ይመለሳል። ላስቲክ የሚስበው ብርቱ ስለሆነ አይደለም፤ ሥርዓት ስለማይወድ ነው።

ፕላስቲክ የሁሉ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ግሪክኛው «ፕላሴይን» ጭቃን በእጅ ማበጀት ነው፤ የሸክላ ሠሪ ግስ፣ በግዕዝ «ለሐኰ» የምንለው ዓይነት። መጽሐፍ ቅዱስ በግሪክ ሲተረጐም ፈጣሪ አዳምን ከአፈር ያበጀበት ግስ ይኸው ነው፤ ከአዳም እስከ ፌስታል በአንድ ግስ መጣን ማለት ነው። ከዚያው ሥር ፋርማሲ ውስጥ ፕላስተር አለ፤ ቁስል ላይ የሚለጠፍ። ደም ውስጥ ፕላዝማ አለ፤ «የተበጀ ነገር» ማለት ነው። ያንኑ ስም አሜሪካዊው ላንግሚውር እ.ኤ.አ. በ1928 ኤሌክትሪክ ለነካው ጋዝ ሰጠው፣ ከጋዙ ወደ ቴሌቪዥኑ ተላለፈ፣ ከቴሌቪዥኑ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ገባ። «ፕላዝማ ገብቷል» ሲባል እየሮጠ ክፍል የገባ ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው የሸክላ ሠሪን ግስ ሲጠራ ነበር። ስሙ ለፋብሪካው ነገር የተገባ ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ እንደፈለጉ ያበጁታል፣ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ሊስትሮው ፕላስቲክ ሶል ያስቸግራል ማለቱም ልክ ነው፤ የብዙ ፕላስቲክ ገጽ ከሌላ ነገር ጋር መያያዝ አይወድም፣ ማስቲሽ ሲደርቅለት ተልጦ ይወድቃል።

ቢጫው ጀሪካን ግን የጦርነት ቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጀርመኖችን 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ነዳጅ ዕቃ ማርከው አደነቁት፤ ጀርመኑን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉት ስለነበር ዕቃው «የጄሪ ቆርቆሮ» ተባለ። ብረቱ ፕላስቲክ ሆነ፣ ነዳጁ ዘይት፣ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

ናይለን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሥር የሌለው ቃል ነው። የዱፖንቱ ኬሚስት ዋላስ ካሮተርስ ክሩን እ.ኤ.አ. በ1935 ሠራው፤ ስሙን ሳይሰማ በ1937 ሞተ። በ1938 ለሕዝብ ሲገለጽ የኩባንያው ሰዎች ስም ሲያማርጡ ከርመው ነበር። «የማይተረተር» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ተነስተው ፊደል እየገለባበጡ እዚህ እንደደረሱ ይነገራል፤ የሴቶቹ ካልሲ መተርተሩ ስላልቀረ ሐረጉን እንዳለ መተው ግድ ነበር። ከኒውዮርክና ከለንደን ስም ተቀጥሎ የተሠራ ነው የሚለው ወሬ ተረት ነው።

የመጨረሻው ቃል ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ ልጁ እጁን የታጠበበት ሃይላንድ ላይ ነው። (የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ለጠርሙስ ሁሉ ስም መሆኑ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆይ።) ግሪኮች «አይቴይን» የሚል ግስ ነበራቸው፤ መንደድ፣ መቃጠል። ከሱ «አይቴር» ወጣ፤ ከደመና በላይ ያለው ብሩህ ሰማይ። ኬሚስቶች ስሙን ወስደው እንደ መንፈስ ቶሎ ለሚተን ፈሳሽ ሰጡት፤ ኤተር። ሊቢሽ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1834 ኤተርን ከግሪኩ «እንጨት» ጋር አቆራኝቶ «ኢትል» አለ፤ ከኢትል ኢትሊን መጣ። ያ ቤርዜሊዩስን ያስጨነቀው የጋዝ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ልክ «ፖሊመር» የሚለው ቃል በተፈጠረ በመቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933፣ እንግሊዝ አገር ጊብሰንና ፎሴት ኢትሊንን በከባድ ግፊት ሲያሞቁ ያልጠበቁት ነጭ ሰም መሰል ነገር ዕቃው ውስጥ አገኙ። ፖሊኢትሊን ነው፤ ፌስታሉም ጀሪካኑም የሚሠሩበት። ሸሚዛችን ላይ ያለው «ፖሊስተር» ውስጥም ኤተር ተደብቋል፤ «ኤስተር» የተባለው ጀርመኖች የኮምጣጤ ኤተር የሚሉትን ቃል አሳጥረው ነው።

«አይቴይን» ሌላ ልጅም ወልዷል። ግሪኮች እሱን ከ«ኦፕስ»፣ ከፊት ጋር ገጥመው ፀሐይ ያጠቆረውን ሰው «አይቲኦፕስ» አሉ፤ አገሩንም በዚያው ጠሩት። የግሪክ ሊቃውንት የለመዱት ትንታኔ ይኸው ነው፤ የእኛ የጥንት ትውፊት ስሙን ከንጉሥ ኢትዮጲስ ያመጣልና እሱን የሚመርጥ አንባቢ ይህን አንቀጽ ይለፈኝ። የማያልፈኝ ግን ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ ሃይላንዱን ገልብጦ ከሥሩ ይመልከት። በሦስት ቀስቶች የተከበበ 1 ቁጥር አለ፤ ከሥሩ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ፒ፣ ኢ፣ ቲ። የመካከለኛዋ ፊደል ኢትሊን ናት።